«ባለ ሦስት ፌዝ» ቤት፤ ገዢው የሚከፍለው ለኃይሉ ነው ወይስ ለሽቦው?

በአዲስ አበባ የቤት ገበያ የደላላ ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። «ካርታው ንጹሕ ነው»፤ «አስፋልት ዳር ነው»፤ «ውኃ አይጠፋበትም»፤ «ባለ ሦስት ፌዝ ነው»። ገዢው ካርታውን ይዞ ክፍለ ከተማ ይሄድና ያጣራል። አስፋልቱን በዓይኑ ያያል። የውኃውን ነገር ጎረቤት ጠርቶ ይጠይቃል። ሦስት ፌዝ የተባለው ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሳጥን ቀና ብሎ ያይና «እሺ» ብሎ ያልፋል። ያቺ «እሺ» ስንት ብር እንደምታወጣ የሚገባው ቤቱ ገብቶ ምጣዱንና የመኪናውን ቻርጀር ባንድ ማታ ሲሰካ ነው።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወፍጮ፣ ብየዳ ወይም ዳቦ ቤት ሊከፍት ያሰበ ነጋዴ ቤት ሲከራይ ከኪራዩ በፊት የሚጠይቀው ስለ መብራቱ ነው። የወፍጮ ሞተር ያለ ሦስት ፌዝ አይዞርምና ከጥያቄው የሚያመልጥ አልነበረም። አሁን ግን ጥያቄው ከነጋዴው ወደ ተራው የመኖሪያ ቤት ገዢ ተሸጋግሯል። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ መኪና የሚያስመጣው ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። የመኪና ሻጩም መኪናውን ሲያስረክብ ቻርጀሩን ጨምሮ ይሰጣል እንጂ «ለመሆኑ ቤትዎ ያለው ቆጣሪ ስንት አምፔር ይችላል?» ብሎ አይጠይቅም። ቢጠይቅ ገበያው ይበርድበታል።

ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፤ ለነጋዴ አይከብድም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ትንሹን ይዘን በ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ሁለት ምድጃ ያለው ስቶቭ ሁለቱም ሲበሩ 3 ኪሎ ዋት ቢስብ 14 አምፔር ያህል ይጨምራል። ባለ 2 ኪሎ ዋት የውኃ ማሞቂያ ቦይለር 9 አምፔር ነው። ሦስቱ ብቻ 39 አምፔር ሆኑ። ዋናው ብሬከር 40 አምፔር ከሆነ ማቀዝቀዣው፣ ልብስ ማጠቢያውና አምፖሉ ገና ሳይቆጠሩ ጣሪያው ተነካ ማለት ነው። በዚህ ላይ 7 ኪሎ ዋት የሚስብ የመኪና ቻርጀር ሲመጣ 32 አምፔር ይዞ ይመጣል። ድምሩ 71 አምፔር! የዚህ ቤት ብሬከር ማታ ማታ ቢወርድ ጥፋቱ የብሬከሩ አይደለም፤ እርሱ ሥራውን እየሠራ ነው።

ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በየፌዙ 40 አምፔር ቢኖረው ጠቅላላው 26 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። የአንዱ ፌዝ ቤት ግን 8.8 ኪሎ ዋት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ደላላው ሦስት ፌዝን እንደ ተጨማሪ መሬት ቆጥሮ ዋጋ ሲጠራበት ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አይባልም። የሚያሳስተው ሳጥኑንና ኃይሉን አንድ አድርጎ መሸጡ ነው።

ሳጥን ማንም ይገዛል። ሱቅ ተገብቶ ባለ ሦስት ፌዝ ሳጥን፣ ብሬከርና ኬብል ተገዝቶ ባንድ ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ኃይሉ ያለው ግን ከአገልግሎቱ ጋር በተፈረመው ውል ውስጥ ነው። ውሉ የተፈቀደውን የኃይል መጠን፣ የታሪፉን ዓይነትና የደንበኛውን ስም ይይዛል። ውሉ አንድ ፌዝ ካለ፣ ሳጥኑ ሦስት ቢልም ቤቱ የአንድ ፌዝ ቤት ነው። ሦስቱም ሽቦ ከምሰሶው ወርዶ ሳለ ውሉ ዝም ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ገዢው የገዛው ቤት ብቻ ሳይሆን ክርክርም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው «ማሻሻያ» ከዚህም ያነሰ ነው። ብሬከሩ እየወረደ ያስቸገረው ባለቤት ለሠፈሩ ኤሌክትሪሺያን ይደውላል። ኤሌክትሪሺያኑም 20 አምፔሩን አውጥቶ 40 ይተክላል። ብሬከሩ ከዚያ በኋላ አይወርድም፤ ባለቤቱም ይመርቀዋል። ግድግዳው ውስጥ ያለው 2.5 ካሬ ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው፤ የተሠራውም ለ20 አምፔር ገደማ ነው። ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የድሮ ሰው ቫልቮላ ሲቃጠልበት ወፍራም መዳብ ጠምዝዞ ይከትበት እንደነበረው ሁሉ፣ ይህም ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። ከዚያ በኋላ «ኮንታክት ነው» የሚባለው እሳት ከየት እንደመጣ የሚመረምር ሰው አይጠፋም፤ ግን ቤቱ ነዷል። ኢንሹራንስ የገባ ባለንብረትም ካሳ ሲጠይቅ ሥራውን ማን እንደሠራው መጠየቁ አይቀርለትም።

እዚህ ላይ የፈቃድ ጉዳይ ይመጣል። አገራችን ሕግ አጥታ አይደለም። የሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ የሚመራበት ኮድ ኢቢሲኤስ 10 በፈረንጆች 1995 የወጣ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠሩ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ አዘዘ። ይህን የመቆጣጠሩ ሥልጣን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ዞሯል። መስመሩን የሚቀጥለውና ቆጣሪውን የሚተክለው ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት ነው። ስሙ በ1989 ኮርፖሬሽን፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ለደንበኛው የቀረው ወገን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባለ። ስሙ ሲቀያየር የሕዝቡ አጠራር አልተቀየረም።

ኃይል ለማሳደግ የሚፈልግ ደንበኛ ደንቡ የሚጠይቀው ረቂቅ ነገር የለም። ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የሚፈለገው ኃይል ዝርዝር። ከዚያ ባለሙያ መጥቶ ምሰሶውን፣ ርቀቱንና ትራንስፎርመሩን ያያል። የዋጋ ግምት ይወጣል፤ ይከፈላል፤ ውል ይፈረማል፤ ቆጣሪ ይተከላል። በወረቀት ላይ ያለው መንገድ ይህ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሸሸዋል? ሰነፍ ስለሆነ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነጋዴ ፈቃድ ይጠላል የሚባለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ነጋዴ የሚጠላው ቀኑ የማይታወቅ ፈቃድ ነው። ኪራይ የሚቆጥርበት ዳቦ ጋጋሪ «በሁለት ወር ይደርስልሃል» ቢባል ሁለቱን ወር በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። «ዕቃ ሲመጣ» ከተባለ ግን ምን አስገብቶ ያስላ? ቆጣሪውም ኬብሉም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ወዴት እንደሄደ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አምና የወጣ የዋጋ ግምት ዘንድሮ ሊከፈል ሲኬድ መለወጡ የሚያናድደው ለዚህ ነው።

ሆኖም መዘግየቱ ሕገ ወጡን መንገድ ርካሽ አያደርገውም። ትራንስፎርመር የሁሉ ነው። በየሠፈሩ የተተከለው ከ100፣ ከ200 ወይም ከ315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚበልጠው ጥቂት ነው። ትልቁን እንኳ ብንወስድ፣ እያንዳንዳቸው 26 ኪሎ ዋት የሚስቡ 12 ቤቶች ይሞሉታል። «ሁሉም ባንድ ጊዜ አይስቡም» የሚለው የባለሙያዎች ስሌት ድሮ ትክክል ነበር፤ አሁንም በመጠኑ ትክክል ነው። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት ሠፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ መኪናው ሁሉ ግቢ ገብቶ ሲሰካ ያ ስሌት ይፈተናል። ማመልከቻ ሳያስገባ ኃይሉን ያሳደገ ሰው ድርጅቱ በማያውቀው ጭነት ትራንስፎርመሩን ያነድዳል፤ እርሱም ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ጨለማ ይቀመጣል።

ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ፤ ኒውትራል። በሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ በየፌዙና በኒውትራሉ መካከል ያለው 220 ቮልት ሲሆን በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380 ነው። ኒውትራሉ በሚገባ ሳይጠብቅ ቀርቶ ወይም ተቃጥሎ ቢቋረጥ፣ ጭነት በቀለለበት ፌዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሽቅብ ወጥቶ ወደ 380 ይጠጋል። ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የመኪናው ቻርጀር ባንድ ደቂቃ ይነዳሉ። «መብራት መጥቶ ዕቃ አቃጠለብን» እየተባለ በየሠፈሩ የሚወራው ታሪክ ሁሉ ከምሰሶው የመጣ አይደለም። ከፊሉ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሦስቱን ፌዝ እኩል ሳያከፋፍል ምጣዱንም ቦይለሩንም ባንዱ ላይ ጭኖ፣ ኒውትራሉን በፒንሳ ጠምዝዞ በሄደ ሰው የተሠራ ነው። ለብቃት ማረጋገጫው የሚከፈለው ዋጋ ውድ የሚመስለው ይህን እስኪያዩ ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ለገዢው የሚጠቅም፣ ሻጩን ግን ደስ የማያሰኝ ነገር አለ። ሦስት ፌዝ የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ያውም በአዲስ አበባ መንገድ ይህን ያህል ከሄደ፣ ቢበዛ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። በ10 አምፔር የሚሞላ ቀስተኛ ቻርጀር በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ አምስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ቤተሰቡ ሲተኛ ተሰክቶ ከንጋት በፊት ያልቃል፤ ያን ጊዜ ምጣድም ስቶቭም የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ለብቻው የተዘረጋ መስመር፣ ትክክለኛ ብሬከር፣ በሚገባ የተቀበረ ግራውንድና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ነው። በዲቫይደር ተቀጥሎ በመስኮት የወጣ ገመድ ግን አይሆንም። ይህን የተረዳ ገዢ «ሦስት ፌዝ ነው» ተብሎ የሚጨመርበትን ዋጋ «ለእኔ አያስፈልገኝም» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል። ሁለት መኪና ያለው፣ ምድር ቤቱን ለሱቅ የሚያከራይ ወይም ጓሮ ውስጥ ማሽን የሚተክል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የኪራዩ ገበያ ደግሞ የራሱ ጉድ አለበት። ነጋዴ ሱቅ ይከራይና ለሥራው ሦስት ፌዝ ያስገባል። ማመልከቻው የባለቤቱን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ባለቤቱ ይፈርምለታል፤ ደስ እያለውም ይፈርማል። ወጪው በሙሉ ከተከራዩ ኪስ ይወጣል፤ ቆጣሪው ግን በባለቤቱ ይዞታ ላይ ተተከለ። ኪራዩ ሲታደስ ባለቤቱ «ቤቱ እኮ ባለ ሦስት ፌዝ ነው» ብሎ ጭማሪ ይጠይቃል። ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ባስገባው መብራት ኪራይ ተጨመረበት! ይህ ቀልድ አይደለም፤ ውል ሲጻፍ አንድ አንቀጽ በመጉደሉ የሚመጣ ነው። ወጪው በስንት ወር ኪራይ እንደሚቻቻል ወይም ተከራዩ ሲለቅ ምን ያህሉ እንደሚመለስለት አስቀድሞ የጻፈ ሰው ኋላ አይከራከርም። ደላላው በሁለቱም በኩል ኮሚሽኑን የሚወስድ እንደመሆኑ ይህን አንቀጽ ማስታወስ ከሥራው ውጪ ነው ሊባል አይገባም።

የስሙም ጉዳይ አለ። ቤት ሲሸጥ ካርታው በአዲሱ ባለቤት ስም ይዞራል፤ ቆጣሪው ግን ብዙ ጊዜ በቀድሞው ባለቤት ስም እንደተንጠለጠለ ይቀራል። አንዳንዱ ከሞተ ዓመታት ያለፉት ሰው ስም ነው። ክፍያው እስከተከፈለ ድረስ ማንም አይጠይቅም። ችግሩ የሚመጣው ኃይል ለማሳደግ ሲታሰብ ነው። የውሉ ባለቤት ሌላ ከሆነ ማመልከቻው ከመጀመሩ በፊት ስም ማዞር ይቀድማል፤ ስም ለማዞር ደግሞ ውዝፍ ካለ መክፈል ይመጣል። ከጎረቤት በጥገኝነት መብራት የሚስብ ቤትም ገበያ ላይ ይወጣል። ይህ ቤት ቆጣሪም የለው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የታሪፉ እርከን ስለሚጨምር ባለ ቆጣሪውና ጥገኛው በአንድ ላይ ከፍተኛውን እርከን ይከፍላሉ። ድሮ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሲከፈል ይህ ልዩነት ማንንም አላስጨነቀም። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኋላም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየደረጃው እየተሻሻለ በመሄዱ ግን ሒሳቡ ተለውጧል።

በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ንግድ የሚሠራበትም እንዲሁ። የመኖሪያና የንግድ ታሪፍ የተለያየ ነው፤ ዳቦ ቤቱ በመኖሪያ ታሪፍ ለዓመታት ቢቆይ ትርፉ የሻጩ፣ የኋላ ሒሳቡ የገዢው ይሆናል።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጠቅላላ ኃይሉ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲህ ኃይል ሞልቷል፤ ፈቃዱ ለምን ይዘገያል?» ቢል አይፈረድበትም። ግን በጉባ የሚመነጨው ኃይልና በአንድ ሠፈር ምሰሶ ላይ ያለው አቅም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማነቆው በሠፈሩ ትራንስፎርመርና በቀጭኑ መስመር ላይ ነው። ድርጅቱ ሊያደርግ የሚችለውና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር አለ፤ በየአካባቢው ያሉት ትራንስፎርመሮች ምን ያህል ክፍት አቅም እንደቀራቸው በአገልግሎት መስጫ ማዕከሎቹ መለጠፍ፣ ለእያንዳንዱ ማመልከቻም የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ መስጠት። «ይህ ሠፈር ሞልቷል፤ እስከዚህ ወር ድረስ አይቻልም» መባል መልስ ነው፤ ባለሀብቱ ሌላ ሠፈር ይፈልጋል። መልስ አለመስጠት ግን ሰውየውን ወደ ሠፈሩ ኤሌክትሪሺያን ይሰድደዋል።

እስከዚያው ድረስ ገዢ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ነው ያለው። ሻጩ የኤሌክትሪክ ውሉንና የቅርብ ጊዜ ደረሰኙን ያሳይ። በውሉ ላይ ያለው ስም ከካርታው ስም ጋር ይመሳከር፤ የፌዙ ቁጥርና የተፈቀደው ኃይል ከሳጥኑ ጋር ይመሳከር፤ የቆጣሪው ቁጥር ግድግዳው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ሳጥኑን ከፍቶ የኬብሉን ውፍረትና ግራውንዱን ይይ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሻጩ «ሦስት ፌዙ በሒደት ላይ ነው» ካለ ደግሞ የማመልከቻውን ቅጂና የከፈለበትን ደረሰኝ ይጠየቅ። ሁለቱንም ካላሳየ ቤቱ በአንድ ፌዝ ዋጋ ይደራደሩበት። ካሳየም የዋጋው ከፊል፣ ለምሳሌ ማሻሻያው የሚያስወጣው ግምትና በላዩ ጥቂት ጭማሪ፣ ቆጣሪው ተተክሎ በገዢው ስም እስኪዞር በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቆይ በሽያጭ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጭ በዚህ አንቀጽ ላይ እጁን ካጠፈ ገዢው የፈለገውን መልስ አግኝቷል፤ ደላላውም ወደሚቀጥለው ቤት ይውሰደው።